ሚዛን እኩል ናቸው ያላቸው ክንፎች

እጄን ምሰሶው ላይ ባላሳርፍ ኖሮ አላውቅም ነበር። ለዓይን ሁሉም ደህና ነው። በእጄ የሠራሁት፣ በነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ተርባይን ሦስት የእንጨት ክንፎች ከላይ ይሽከረከራሉ፤ ነፋሱ ለስላሳ ነው፤ ሰማዩም ጥርት ብሏል። ብረቱ ግን መዳፌ ውስጥ ይመታል። ድም፣ ድም፣ ድም። በየዙሩ አንድ ጊዜ። ነፋሱ ጠንከር ሲል ምቱም ፈጠነ። መፍጠን ብቻ ሳይሆን ከበደ። ምሰሶውን ወጥረው የያዙት ሽቦዎች መንዘር ጀመሩ። ሮጬ ከጄኔሬተሩ የሚወርዱትን ሦስት የኤሌክትሪክ ገመዶች እርስ በርሳቸው አገናኘኋቸው። እንዲህ ሲደረግ ጄኔሬተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ክንፎቹ ቀስ እያሉ ቆሙ። ያኔ ነው እኔም የተነፈስኩት።

«ዞረ እኮ! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ ታናሽ ወንድሜ። አብሮኝ ምሰሶውን ያቆመው እሱ ነው። እውነቱን ነው፣ ዞሯል። ባትሪውም መሙላት ጀምሮ ነበር። ክንፎቹ ከመቆማቸው በፊት እጁን ይዤ ብረቱን ባስነካው ኖሮ ግን እንደዚያ አይልም ነበር።

ግራ ያጋባኝ ነገር ክንፎቹን አንድ በአንድ መዝኛቸው ስለነበር ነው። አንደኛው 1400 ግራም፣ ሁለተኛው 1402፣ ሦስተኛው 1398። ለሳምንታት በመጋዝ፣ በመሮና በመላጊያ ስጠርባቸው ከርሜ፣ በመጨረሻ ልዩነታቸውን 4 ግራም ላይ ሳደርሰው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እኩል ናቸው ብዬ ነው የሰቀልኳቸው።

እስቲ መዶሻ አንሱ። መጀመሪያ ብረቱ አጠገብ ያዙት። ከዚያ እጀታውን ጫፉ ላይ ያዙት። ያው መዶሻ ነው፤ አንድ ግራም አልጨመረም። ክንዳችሁ ግን ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። ክንፍም እንደዚያው ነው። ስንት እንደሚመዝን ማወቅ አይበቃም፤ ያ ክብደት ክንፉ ከሚሽከረከርበት መሃል ምን ያህል ርቆ እንደተቀመጠ ማወቅ ያስፈልጋል። ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር ነው በሦስቱም ላይ እኩል መሆን ያለበት።

የእኔ ተርባይን ክንፎቹ ሲሽከረከሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ከ40 ነው። አንዱ ክንፍ ከመሃሉ እስከ ጫፉ 1 ሜትር ከ20 ማለት ነው። አወረድኳቸውና እያንዳንዱን በቀጭን የብረት ጠርዝ ላይ እያንሸራተትኩ ወዴትም ሳይጋደል የሚቆምበትን ቦታ ፈለግሁ። አንደኛውና ሦስተኛው ከመሃሉ 47 ሳንቲሜትር ላይ ቆሙ። ሁለተኛው 50 ላይ።

3 ሳንቲሜትር ምንም አይመስልም። ነገር ግን 1400 ግራም በ3 ሲባዛ 4200 ነው። ያንን በክንፉ ርዝመት፣ በ120 ሳንቲሜትር ስናካፍለው 35 ግራም ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ ሁለተኛው ክንፍ ጫፍ ላይ 35 ግራም የሚመዝን እርሳስ፣ ያንን ከባድ ብረት፣ ለጥፌ ያሽከረከርኩት ያህል ነው። 35 ግራም በኪስ ውስጥ የማይታወቅ ክብደት ነው። በደቂቃ 400 ጊዜ ሲሽከረከር ግን ወደ 7 ኪሎ ተኩል በሚጠጋ ጉልበት ወደ ውጭ ይጎትታል። ይህ ጉተታ ከክንፉ ጋር አብሮ ስለሚዞር ምሰሶውን በሰከንድ ወደ 7 ጊዜ ገደማ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይገፋዋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ከ2 ኪሎ በታች ይሆናል። በለስላሳ ነፋስ ዝም ያለው ተርባይን ነፋስ ሲበረታ የሚያብደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ያ 3 ሳንቲሜትር ከየት መጣ? ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ሳውቀውም አዘንኩ። ሁለተኛውን ክንፍ ስጠርብ ጫፉ አካባቢ ባለው 40 ሳንቲሜትር ላይ ከሌሎቹ ወደ 3 ሚሊሜትር ወፍሮብኝ ነበር። በዓይን አይታይም። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ወደ 50 ግራም በልጦ አገኘሁት። እኔም ልዩነቱን ለማጥፋት ላግሁት። ከየት? ከስሩ። እዚያ እንጨቱ ወፍራም ነው፤ መላጊያም ይመቸዋል፤ ደግሞም ቅርጹ ብዙ አይበላሽም ብዬ ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ተስተካከለ፤ ጫፉ ላይ ያለው 50 ግራም ግን እዚያው እንዳለ ቀረ። በመሃሉ አጠገብ ያለ 50 ግራም እና ከመሃሉ 1 ሜትር የራቀ 50 ግራም ሊካካሱ አይችሉም። ክንፍ ሲመዝን ከስሩ የሚልግ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ይህን እነግረዋለሁ።

አሁን የምሠራበት መንገድ ቀላል ነው፤ የምፈልገውም ያንኑ የቤት ሚዛን ነው። ክንፉ የሚሽከረከርበትን መሃል ነጥብ ጠርዝ ላይ አሳርፈዋለሁ። ከመሃሉ ልክ 1 ሜትር ላይ መስመር አሰምርና ያንን ቦታ ሚዛኑ ላይ፣ በቀጭን እንጨት ደግፌ አስቀምጣለሁ። ክንፉ በውሃ ልክ ጋደም ማለት አለበት። ያኔ ሚዛኑ የሚያነበው የክንፉን ክብደት ሳይሆን በመሃሉ ዙሪያ ወደ ታች የሚያጋድልበትን ጉልበት ነው። የእኔዎቹ 658፣ 701 እና 657 አነበቡ። ሙሉ ክብደታቸውን ስለካ 4 ግራም የነበረው ልዩነት እዚህ 44 ሆኖ ወጣ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የቀለለው ክንፍ ላይ የሚያስረው እርሳስ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ ግን እርሳስ የመጨረሻ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። እርሳስ ክብደት ያስተካክላል እንጂ የወፈረ ጫፍ አያሳሳም። የወፈረው ጫፍ ደግሞ ነፋሱን ከሌሎቹ ለየት ባለ መንገድ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ የአንደኛውን ክንፍ ቅርጽ በየ20 ሳንቲሜትሩ በኮምፔንሳቶ ቆርጬ ልክ አወጣሁ። ያንን ልክ ሁለተኛው ላይ እየገጠምኩ፣ ብርሃን የማያሳልፍ እስኪሆን ድረስ በመላጊያ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ቀስ በቀስ ወሰድኩለት። በየመሃሉ ሚዛኑ ላይ እመልሰዋለሁ። 690፣ 678፣ 665። 660 ላይ አቆምኩ። ሙሉ ክብደቱ አሁን ከሌሎቹ ወደ 40 ግራም ያንሳል፤ ሆኖም ግድ የለም። ይህን ለመቀበል ራሴን ትንሽ ማሳመን ነበረብኝ።

ክንፎቹ ሲታሰሩ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጀመራል። አንድ በአንድ ልክ የሆኑ ክንፎች አብረው ሲታሰሩ ልክ ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ ምክንያት በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። በእኔ ልክ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ 208 ሳንቲሜትር መሆን አለበት፤ ሦስቱም ጎን። አንዱ ክንፍ ጫፉ 1 ሳንቲሜትር ብቻ ወደ ጎረቤቱ ቢጠጋ ጫፍ ላይ 5 ግራም የመጨመር ያህል ሚዛን ያዛባል። ሜትር ይዞ ሦስት ጊዜ መለካት ነው፤ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም። ብሎኖቹን ሙሉ በሙሉ ከማጥበቃችሁ በፊት አድርጉት።

ከዚያ በጣም የምወደው ክፍል ይመጣል። ክንፎቹን አቅፈው የያዙት ሁለት ክብ ኮምፔንሳቶዎች ናቸው። ትክክለኛው መሃል ላይ ትንሽ የብረት ሳህን አስሬ፣ ከሥሯ በኩል በመሰርሰሪያ ጎድጎድ አድርጌያታለሁ። ጫፉ የሾለ ረጅም ብሎን ቀጥ አድርጌ አቆምና ያንን ጎድጓዳ በላዩ አሳርፋለሁ። ሁሉም ክንፎች ጋደም ብለው በአንዲት ሹል ነጥብ ላይ ይንሳፈፋሉ። ወዴት እንደከበደ ራሱ ያሳያችኋል፤ የከበደው ዝቅ ይላል።

ይህ ዘዴ ምን ያህል ስሜት እንዳለው ለማመን ማየት ያስፈልጋል። የእኔው ሁሉም ተደምሮ 6 ኪሎ አካባቢ ነው። ሹሉ ነጥብ ከጠቅላላው የክብደት መሃል 2 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ አንዱ ጫፍ ላይ 5 ግራም ቢጨመር ያ ጫፍ 6 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል። ነጥቡ ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ስሜቱ ይደነዝዛል። ከክብደቱ መሃል በታች ከወረደ ደግሞ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይወድቃል። ሳህኗ ሥር ሮንዴላ እየጨመርኩና እየቀነስኩ ነው ቁመቱን የማገኘው። በርና መስኮት መዘጋት አለባቸው። ክንፍ ነውና በበር ስር የምትገባ ነፋስ እንኳ ታነሳዋለች። እኔ ሲረጋጋ እየጠበቅሁ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ክንፎቹን በኩሽኔታ ላይ ቀጥ አድርገው የሚፈትሹም አሉ። ከባዱ ወደ ታች ይዞርና ይቆማል። መጥፎ ዘዴ አይደለም፤ ግን ግራሶ የሞላው ኩሽኔታ ጥቂት ግራሞችን ይደብቃል። ግራሶው ታጥቦ፣ የጎማ መሸፈኛውም ወጥቶ መሆን አለበት። እሱም ሆኖ ሹሉን ብሎን እመርጣለሁ።

እርሳስ የሚገባው አሁን ነው። በመጀመሪያ ሮንዴላዎችን በፕላስተር እየለጠፍኩ ቀለል ያለው ወገን እስኪወርድ እሞክራለሁ። ያገኘሁትን ክብደት ወደ እርሳስ ስቀይር የሚይዘውን ብሎንና ዳዶ ክብደትም እቆጥራለሁ። የት ላይ ይታሰር? ጫፍ ላይ ከሆነ ትንሽ ይበቃል፤ 35 ግራም የሚሠራውን ሥራ ከመሃሉ 30 ሳንቲሜትር ላይ ለመሥራት 140 ግራም ያስፈልጋል። ቢሆንም ከመሃሉ ቅርብ ያለውን እመርጣለሁ። በደቂቃ 400 ዙር የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 50 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እዚያ ላይ ያለ እርሳስ ቢላቀቅ ጥይት ነው። 30 ሳንቲሜትር ላይ ያለው የሚሄደው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ እንጨቱም እዚያ ወፍራም ስለሆነ ብሎን ያሳልፋል። ማጣበቂያ ብቻ አይበቃም፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ብሎን ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታሽከረክሩትም ክንፎቹ በሚዞሩበት ልክ በጎን በኩል አትቁሙ። ከፊት ወይም ከኋላ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ይህን ሁሉ ጨርሼ መልሼ ሰቀልኩ። እጄን ምሰሶው ላይ አደረግሁ። ዝም። ወንድሜም እጁን አደረገ፤ ተያየን። ለሁለት ቀን እንደዚያ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠንካራ ነፋስ መጣ፤ ተርባይኑም ጅራቱን ይቆላ ጀመር። የበፊቱ ዓይነት ምት አይደለም። በፊት ምሰሶው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነበር የሚገፋው። አሁን አናቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነቀነቀ፣ ጅራቱ ደግሞ ይወዛወዛል። ነፋሱ ሲያርፍ ይጠፋል። ክብደት ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱን ብቻ ነበር የሚከተለው። ይህ ግን ነፋሱ በሚገፋው ልክ ነው የሚመጣው። አንዱ ክንፍ ከሌሎቹ የተለየ ግፊት እየተቀበለ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ አወረድኩት። ክንፎቹን ለጥ ባለ ወለል ላይ አጋድሜ የእያንዳንዱን ጫፍ የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ከወለሉ ያለውን ከፍታ ለካሁ። ሦስተኛው ክንፍ ከሌሎቹ በ1 ዲግሪ ተኩል የበለጠ ተጣሞ ነበር። ጫፉ ላይ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ክንፍ ይህ ከ3 ሚሊሜትር ያነሰ የከፍታ ልዩነት ነው። ጠረባው ምንም አልሆነም። ስህተቱ ስሩ ኮምፔንሳቶው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ነበር፤ በአንድ ጎኑ አላገኝም ብሎ ቀርቷል። ስሩን መልሼ ላግሁት። ከስሩ የተወሰደው እንጨት ለመሃሉ በጣም ቅርብ ስለሆነ ሚዛኑን የነካው እጅግ በትንሹ ነው።

እግረ መንገዴን ጫፎቹ በአንድ መስመር ላይ መሄዳቸውንም አየሁ። አንድ ቋሚ እንጨት ከጫፉ አጠገብ ታቆሙና ክንፎቹን በእጅ እያዞራችሁ እያንዳንዱ ጫፍ በምን ያህል ርቀት እንደሚያልፈው ትለካላችሁ። አንዱ ወደ ፊት የወጣ ከሆነ ከስሩ ስስ ነገር መደገፍ ነው። ስስ ማለቴ በእውነት ስስ ነው። ሁለቱ ብሎኖች በ10 ሳንቲሜትር ከተራራቁ፣ ከስር የሚገባ 1 ሚሊሜትር ጫፉን በ12 ሚሊሜትር ያንቀሳቅሰዋል። እኔ ከ5 ሚሊሜትር በታች ሲሆን እተወዋለሁ።

ለምን ሦስት ክንፍ፣ ሁለት አይቀልም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። ለማመጣጠን በእርግጥ ሁለት ይቀላል። ግን ሁለት ክንፍ ያለው ተርባይን ነፋሱን ተከትሎ ፊቱን ሲያዞር፣ ክንፎቹ ጋደም ሲሉ መዞር ይከብደዋል፤ ቀጥ ሲሉ ይቀለዋል። በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይነጥራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ከወንድሙ ጋር ለእርሻ ቤታቸው ተርባይን ይሠራ የነበረው ማርሴለስ ጃኮብስ አስተውሎ ነው ወደ ሦስት የእንጨት ክንፍ የሄደው። የሦስት ክንፍ ክብደት የትም ቢዞር ለምሰሶው ያው ነው። እነሱ ሁለቱ ወንድማማቾች መሆናቸውን ባነበብኩ ቁጥር የራሴን ወንድም አስባለሁ፤ እንደሱ ያለ ምሰሶ ያዥ ከሌለ ይህ ሥራ አይገፋም።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። ተርባይኑ በሰላም ሠራ። እኔም ሌላ ሥራ ያዝኩ። ከረጅም ዝናብ በኋላ አንድ ማታ ያ ድም፣ ድም ተመልሶ መጣ። ደካማ ነው፤ ግን አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ላይሰማው ይችላል። እኔ ተኝቼ ነው የሰማሁት።

እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ከአየሩ ጋር ውሃ መለዋወጡን አያቆምም። 1400 ግራም የሚመዝን ክንፍ 2 ከመቶ እርጥበት ቢጠጣ 28 ግራም ነው። ሦስቱም እኩል ቢጠጡ ችግር አልነበረም። ግን እኩል አይጠጡም። እንጨት በተቆረጠው ጫፉ በኩል ውሃ የሚስበው ከጎኑ ይልቅ በብዙ ይፈጥናል። የክንፍ ጫፍ ደግሞ በዚያ ፍጥነት ጠብታና አቧራ እየመታው ቀለሙ ቀድሞ የሚነሳበት ቦታ ነው። ውሃው የሚገባው ከመሃሉ በጣም በሚርቀው፣ ለሚዛን በጣም በሚከፋው ቦታ ላይ ነው። አውርጄ ስመዝነው አንደኛው ክንፍ 658 የነበረው 676 ሆኗል። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ቦታ ቀለሟ ተነስቶ ነበር።

እርሳስ አልጨመርኩም። እንጨቱ ሲደርቅ ተመልሶ ይዛባልና። ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ለሳምንታት ጠበቅሁ። በየጥቂት ቀኑ እመዝነዋለሁ፤ 671፣ 666፣ 661። ከዚያ ሦስቱንም ጫፎች በተልባ ዘይት ደጋግሜ አጠጥቼ፣ ሲደርቅ ቫርኒሽ ቀባሁ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ውስጥም ቀባሁ፤ ብዙ ሰው እነሱን ይረሳል። ቀለምም ቫርኒሽም ክብደት አላቸውና የመጨረሻው የሚዛን ፈተና የሚሠራው ሁሉም ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ነው።

የእንጨት ፕሮፔለር ያላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲቆሙ ፕሮፔለሩ ጋደም ብሎ እንዲቆም ይመከራል። ቀጥ ብሎ ከቆመ እርጥበቱ ወደ ታችኛው ክንፍ እየወረደ ሚዛኑን ያዛባል። ሦስት ክንፍ ላለው ይህ አይሆንም፤ ሦስቱም በአንዴ ጋደም ሊሉ አይችሉም። ስለዚህ ተርባይኑን ለረጅም ጊዜ ሳቆመው በየጥቂት ቀኑ እየወጣሁ አንድ ሦስተኛ ዙር አዞረዋለሁ። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ብሎኖቹ ስለሚላሉ እነሱንም በዚያው እፈትሻለሁ።

የእያንዳንዱን ክንፍ ቁጥር ስሩ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ኮምፔንሳቶው በሚሸፍነው ቦታ። ሁለተኛው ክንፍ ላይ 701 ተሰርዞ 660 ተጽፏል። ከሥሩ 662 አለ፣ ከዚያ 659። አንደኛው ላይ 658፣ 676፣ 659። ሦስተኛው እስካሁን ብዙም አላስቸገረኝም፤ 657 እና 658 ብቻ ነው ያለው። ትናንት ከታች ሆኜ ሳየው ግን የሦስተኛው ጫፍ ከሌሎቹ ፈዘዝ ብሎ ታየኝ። ወንድሜ ምሰሶውን ይዞ ለማጋደም እሑድ እመጣለሁ ብሏል።